ሁለት ሰው የሚይዝ መኪና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን ነው። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ የሚያውቁኝ ሰዎች እስካሁን ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን እነሱ የሚያውቁት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከአእምሮዬ ስለማይወጣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። ሥራዬን አልጠላውም ነበር፤ ግን የስፖርት መኪና ስወድ ለጉድ ነው። ስልኬ ውስጥ ከዘመዶቼ ፎቶ ይልቅ የመኪና ፎቶ ይበዛል። የእኔ ዓይነት አቅም ያለው ሰው እንዲህ ያለ መኪና እንደማይገዛ ጠፍቶኝ አይደለም። ማወቅና መተው ግን ይለያያሉ።

አንድ ቀን አዘዞ፣ ደንበኛ ላደርስ የገባሁበት ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ። ከሸራው ስር ቀይ ጎኑ ብቅ ብሏል። የግቢውን ባለቤት ስጠይቀው፣ ወንድሙ ከውጭ አምጥቶት ጥቂት ከነዳው በኋላ ጥሎት እንደሄደ ነገረኝ። ሸራውን ሲገልጠው አንዲት ዶሮ ከውስጥ ዘላ ወረደች። ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ነው። ጎማው አልቋል፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል፣ የጭስ ማውጫው ተበስቷል። ልቤ ግን እዚያው ቀረ።

ሰውየው አላታለለኝም። «መለዋወጫ አይገኝለትም። ዝቅ ስለሚል ኮረኮንች አይወድም። የሚይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው» አለኝ። እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ሁለት ሰው ማለት ሙሽራና ሙሽሪት ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ ለሰርግ የሚከራየው መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እኔ በዚህ ቀይ መኪና ብመጣ ማን ይወዳደረኛል ብዬ አሰብኩ።

ስህተቴ ከወዲሁ የገባው አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን አልገባኝም። ባጃጅ ነጂ ሰው ሲቆጥር ራሱን አይቆጥርም። «ሦስት ሰው ይይዛል» ስንል ከኋላ ሦስት ማለታችን ነው። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ስቆጥር ኖሬ፣ ያን ቀንም እንደዚያው ቆጠርኩ።

ባጃጄን ሸጥኩ። ባለቤቴ አለምነሽ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛ ያጠራቀመችውን ጨመረችልኝ። «እንጀራ የሚያበላን ከሆነ እሺ» አለችኝ። «ካልሆነ ግን ዓይንህን ማየት የምችል አይመስለኝም።» ይህን ያለችው እየሳቀች ቢሆንም ቀልድ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። መካኒክ ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት ለፍቶ መኪናውን አስነሳው።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ደሳለኝ የሚባል አናጺ ነበር፤ አራዳ ውስጥ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው። ግባና ተቀመጥ ስለው፣ ልብሴ ላይ ሰጋቱራ አለ፣ ወንበሩን አላበላሽብህም ብሎ እንቢ አለ። ፎቶ አንስቶ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደጋው ላይ ኮሶዬ ላለችው እጮኛው ላከላት። እሷም፣ ትርንጎ ትባላለች፣ ፎቶውን ለሰፈሩ ሁሉ አሳየች።

የሰርጉ ዕለት ደሳለኝ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሚዜዎቹ በሚኒባስ ተከተሉን። ወደ ኮሶዬ ስንወጣ ብርዱ እየጨመረ፣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየናል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተኩራርቼ አላውቅም። የኋላ ወንበር የሚባል ነገር ያኔም ትዝ አላለኝም።

የሙሽሪት ቤት ከአስፋልቱ ገባ ያለ ስለሆነ መኪናውን ዳር ላይ አቁሜ ጠበቅሁ። ከብዙ ዘፈንና ጭፈራ በኋላ ሙሽሪትን ይዘው ወጡ። ሚዜው በሩን ከፍቶ ትርንጎን አስቀመጣት። ደሳለኝ በግራ ዞረ፣ በቀኝ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «የኋላው በር በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ቁልፉን እንደያዝኩ ወንበሮቹን ቆጠርኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ሙሽራው አንድ፣ ሙሽሪት ሁለት፣ እኔ ሦስት።

መጀመሪያ ሚዜዎቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ከሙሽሪት ወገን ማጉረምረም ተሰማ። አንዱ ሙሽራው ይንዳ አለ። ደሳለኝ መሪ ነክቶ አያውቅም። ሌላው ጭኑ ላይ ትቀመጥ ብሎ ጀምሮ፣ የሙሽሪት አባት ዞር ብለው ሲያዩት ዋጠው። ያለው መፍትሔ ትርንጎ ወርዳ ከሙሽራው ጋር በሚኒባስ መሄድ ብቻ መሰለ። ባዶ መኪና እየነዳሁ ጎንደር ስገባ፣ የአለምነሽን ገንዘብ ምን እንዳደረግሁት ከተማው ሁሉ ሲያይ ታየኝ። ትርንጎ አንገቷን ደፍታ በሩን ለመክፈት እጇን ዘረጋች።

ደሳለኝ ይህን አየ። በሩን መልሶ ገፋው። «እሷ በዚሁ ትሂድ» አለ። «እኔ በሚኒባሱ እከተላለሁ።»

አክስቷ ወዲያው ተነሱ። «ምን ማለት ነው? ሙሽራ ከማናውቀው ወንድ ጋር ብቻዋን ልትሄድ?»

አባቷ አያ ወርቁ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ምነው ትንጫጫላችሁ?» አሉ። «እናቷን ሳመጣት በበቅሎ ነው። በቅሎዋ ላይ እኔ አልተቀመጥሁም። ልጓሟን ይዞ የመጣ ሚዜዬ ነው፤ እኔ ከኋላ በእግሬ ነበርሁ። ማኪናውም ሸጋ ነው፤ ይሂዱበት።»

«እሱኮ ሚዜ አይደለም፣ ሾፌር ነው» አሉ አክስቷ።

«ሚዜ ይሆናላ» አሉ አያ ወርቁ።

ከሚዜዎቹ አንዱ አበባውን ከኮቱ ፈትቶ ሹራቤ ላይ ሰካልኝ። አያ ወርቁ የልጃቸውን እጅ ይዘው እጄ ላይ አኖሩት። በእኛ አገር ሚዜ ለሙሽሪት ወንድም ሆኖ እንደሚምል አውቃለሁ፤ በራሴ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። «ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት» አሉኝ። «ቢከፋት ትሰማታለህ። ብትበደል ትቆምላታለህ። በል ማልልኝ።»

ማልኩ። የእናቴ ልጅ ናት አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ የማስበው ስለ መኪናው ነበር። ከዚያ ጉድ ቶሎ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ተራራ ተሸከም ቢሉኝም እሺ እል ነበር።

ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርን። ትርንጎ ድንገት «ወንድሜ» አለችኝ። «አሁን ወንድሜ ስለሆንክ ንገረኝ። ደሳለኝ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ደነገጥሁ። ሰውየውን አላውቀውም። ውሸት ሊመጣልኝ ነበር፣ አፍሬ ተውሁት። «የማውቀው ሁለት ነገር ነው» አልኳት። «ወንበሬን ላለማቆሸሽ ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። አሁን ደግሞ አንቺ እንዳይከፋሽ በገዛ ሰርጉ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ እየመጣ ነው። ሌላ አላውቅም።»

ቬሏን ወደ ኋላ አድርጋ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ከተማ ስንገባ ሰው ሁሉ ሙሽራው እኔ መስዬው እልል እያለ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። እኔም እጄን አውለበልባለሁ፤ ምን ላድርግ? ደሳለኝ ቤት በር ላይ ወርጄ እጇን ለባለቤቷ ሰጠሁት። በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መኪናው ዓመት አልሞላም። ሁለት ሰርግ ሠርቶ ማርሹ ተሰበረ፣ ዕቃው ጠፋ፣ በመጨረሻ ለሌላ የእኔ ቢጤ ሰው በርካሽ ሸጥሁት። ዛሬ የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። አለምነሽ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም፤ የስፌት መኪናዋን እስካሁን አልገዛንም። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ከሰርጉ በኋላ በሁለተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ትርንጎ ናት፤ ዝናብ አበስብሷታል፣ ቦርሳ ይዛለች። ደሳለኝ ኮሌጅ አስተምርሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ምዝገባው ሲደርስ ይቅርብሽ አላት። ተጣሉ።

«አባቴ ጋ ብሄድ ነገሩ ይከብዳል» አለች። «ወንድሜ ከተማ ውስጥ እያለ ብዬ ነው።»

የትኛው ወንድሟ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር። አለምነሽ ቀደመችኝ። እጇን ይዛ አስገባቻት፣ ደረቅ ነጠላ ደረበችላት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ምለህ የለም እንዴ?» አለችኝ።

በእግሬ ወደ ደሳለኝ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ፣ አንተ ማን ነህና ነው በትዳሬ የምትገባው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ ነበር። ደሳለኝ ሳየኝ መላጊያውን አስቀምጦ ወንበር ጠረገልኝ። «እንደምትመጣ አውቄያለሁ» አለኝ። «ሚዜዋ አይደለህ?» ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን። የፈራው ተምራ እንዳትንቀው ነበር፤ ይህን ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጀበት። ማታ ራሱ መጥቶ ወሰዳት፤ በሳምንቱም ተመዘገበች።

አሁን ትርንጎ በየበዓሉ ቤታችን ትመጣለች፤ በቀደም አለምነሽ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስዳ ያሳከመቻት እሷ ናት። ያን ቀን ኮሶዬ አስፋልት ዳር የማልኩት ለመኪናዬ ስል ነበር። እሷ ግን ለእሷ ስል የማልኩ መስሏት በራችንን አንኳኳች። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይህን ጽሑፍ ካነበበች ግን ይቅር በይኝ እላታለሁ።