ሳልጽፈው የቀረው መስመር

በፍኖተ ሰላም የእኔ እጅ ያላረፈበት ጥሩ ግንብ ጥቂት ነው። ይህን ስል የሚያኮርፍ ግንበኛ ይኖር ይሆናል፤ ውሸት ነው የሚል ግን አይገኝም። የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከየኔታ እግር ሥር ጥቂት ወራት ፊደል ቆጠርኩ፣ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። እንግሊዝኛውን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ በቀን አምስት አምስት ቃል እየያዝኩ ተማርኩ። ግንበኝነትን ያስተማረኝም የለም። ሰዎች የቆየ ቤት ሲያፈርሱ ቆሜ እያየሁ ነው የገባኝ፤ ግድግዳ እንዴት እንደቆመ የሚናገረው ሲፈርስ ነውና።

ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራው በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ በሠራሁት መዋኛ ገንዳ ነው። ከባሕር ዳር የመጣ መሐንዲስ ጉድጓዱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ይሄ ውሃ አይዝም» ብሎ ሄደ። ገንዳው እስከ ዛሬ ጠብታ አላፈሰሰም። ጉልበቴ ደከም ሲል የሆቴሉ ባለቤት ሌላ ሰው አልፈለገም፣ የገንዳው ጠባቂ አደረገኝ። ክሎሪኑን የምለካው፣ ፓምፑን የማስነሳው፣ ፊሽካውን የምነፋው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር አልደብቅም፤ መዋኘት አልችልም። እግሬንም አስገብቼበት አላውቅም ነበር። ሴት ልጄን ዋና ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ። ወገቧን በገመድ አስሬ፣ በጠርዙ እየሄድኩ፣ እጅና እግር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከመጽሐፍ እያነበብኩላት ተማረች። ይህንም ማንም አያምነኝም። እሷ ግን በዚያው ዋና እንጀራዋን በላችበት። መጀመሪያ ባሕር ዳር ሆቴል ተቀጠረች፣ ቀጥሎ ዓረብ አገር፣ በመጨረሻ ቱሪስት ይዞ ከወደብ ወደብ በሚዞር፣ የቡሬን ገበያ ከነሰዉ በሚውጥ መርከብ ላይ የገንዳ ጠባቂ ሆነች። የአባቷን ሥራ ያዘች ማለት ነው። ከአገር ስትወጣ የአሥር ወር ሴት ልጇን ለእኔና ለባለቤቴ ትታልን ነው። የልጅቱ አባት ከመወለዷ በፊት ዞር ብሏል፤ ስለ እሱ ወረቀት አላባክንም።

አንድ ቀን ደወለችና፣ «አባየ፣ ዛሬ ገንዳው ተዘጋ» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«አንድ ሕፃን ውሃው ውስጥ ተጸዳዳ።»

«ታዲያ አታወጡትም?»

«የቱን? ልጁን ነው ሌላውን?» ብላ ሳቀች። ያን ሁሉ ሰው በፊሽካ አስወጥታ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ተለቆ፣ ገንዳው በመድኃኒት ታጥቦ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ቀኑ አለፈ።

ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ሰምታ፣ «ለአንድ ሕፃን? አንችን ሳዝልሽ ጀርባየ ደርቆ ያውቃል?» አለቻት።

ልጄ በዚያው ሰሞን የመርከቡን ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በመዝገበ ቃላቴ ሦስት ቀን ፈጅቼ ተረጎምኩት። ነጭ ቆርቆሮ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ከመንገድ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩት። ዳይፐር ያደረገ ሕፃን ወደ ገንዳው አይገባም። ዳይፐሩ ለውሃ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም አይገባም። መጸዳጃ ቤት መሄድ ያልለመደ ልጅ አይገባም። በልብስ መግባት ክልክል ነው የሚለውን ከራሴ ጨመርኩበት፤ የሚያስፈልገው አገር የኛ ነውና።

በፎቶው ላይ ከሁሉም በታች አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። «ለእነዚህ ሕፃናት ከጎን ትንሽ ገንዳ ተዘጋጅቷል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ይጫወቱበት» ይላል። እሱንም ተርጉሜዋለሁ። ግን እኛ ዘንድ ትንሽ ገንዳ አልነበረም፣ ቆርቆሮውም ሞልቶ ነበር። ተውኩት።

ሰሌዳው ስም አወጣልኝ። «የመርከቡ ሕግ» ይሉኝ ጀመር። ልጁን ታቅፎ የመጣን ባለሥልጣን መልሻለሁ፣ ባለሀብትም መልሻለሁ። አንዱ፣ «አባቴ፣ ፍኖተ ሰላም መቼ ነው ባሕር የደረሰላት?» ብሎ ሲያፌዝብኝ፣ «ባሕሩ ባይደርስ ሕጉ ደርሷል» ብየ መለስኩለት። ሰዉ ይህን አባባሌን ብዙ ጊዜ ሲደግመው ሰምቻለሁ።

ልጄ የዕረፍት ፈቃድ አግኝታ ስትመጣ የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ፈቃዱ ግማሽ ወር ነው። ልጅቱ እናቷን አይታ የባለቤቴን ቀሚስ ገልባ ገባችበት። ከረሜላ ሲሰጧት ትቀበላለች፣ እጇን ሲይዟት ትነጥቃለች። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴን፣ «እንግዳዋ ትሂድ» አለቻት። ልጄ ደጃፍ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። የያዘችውን ጨርቅ ጨምቃ ጨምቃ ውሃው ካለቀ በኋላም ትጨምቀው ነበር።

በማግስቱ ደጃፍ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ፣ «አባየ፣ መርከቡ ላይ በየቀኑ የማየው ነገር አለ» አለችኝ። «ሰው የሚፈራ ልጅ እንኳ ውሃ ውስጥ ሲገባ የያዘውን ሰው አንገት አይለቅም። እናቱ ትሁን ሞግዚቱ አይመርጥም። ዝም ብሎ ጥብቅ ይላል።»

«ልክ ነው፣ ውሃ ያስፈራል» አልኳት። ሌላም ነገር ነገርኳት፤ ስለ ፓምፑ ይመስለኛል። የምትለው አልገባኝም። ቃል ሁሉ ይገባኛል የምል ሰው።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ገንዳው በወጣት ተሞልቷል። እኔ ከሰሌዳው ሥር ወንበሬ ላይ ነኝ። ልጄ የዋና ልብሷን ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ መጣች። ልጅቱ እየተንፈራገጠች ነው፤ ከመርከቡ ያመጣችላትን የውሃ ዳይፐር አድርጋለች። ልጄ ደረጃው ላይ እግሯን ልታሳርፍ ስትል ፊሽካየን ነፋሁ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«አባየ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አይቻለሁ። ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ሰሌዳውን የላኩልዎ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ከሰው ሁሉ አብልጠሽ ታውቂዋለሽ።»

አንዱ ወጣት ከውሃው ውስጥ፣ «ኧረ ጋሸ! ለልጅ ልጅዎ እንኳ?» አለ።

«ለራሴ ሰው ሲሆን የሚላላ ሕግ አልጻፍኩም!» አልኩት። ጠርዙ ላይ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ልጄ ቀና ብላ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «የታችኛው መስመርስ?» አለችኝ።

«የቱ?»

«የትንሹ ገንዳ።»

«ትንሽ ገንዳ የለንማ።»

«የለንም» አለች እሷም። ቀጥላ፣ «እዚያ እኮ ዝም ብለን አንመልሳቸውም፣ አባየ። ወደዚያ ግቡ ብለን በእጃችን እናሳያቸዋለን» አለችኝ። ልጇን መሬት አወረደቻት። ልጅቱ እየሮጠች መጥታ በጉልበቶቼ መካከል ተወሸቀች።

በማግስቱ ጧት ልጄ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። ባለቤቴ የልጅቱን እጅ ይዛ እያወዛወዘች አሰናበተቻት። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ምሳየን አቅርባ፣ «ልጅህ የመጣችው ለመዋኘት መስሎህ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ልጄ ደጃፍ ላይ ያለችኝ ነገር ሁሉ አንድ ባንድ ተመለሰልኝ። ምሳውን አልበላሁትም።

በወሩ ከትልቁ ገንዳ ጎን መቆፈር ጀመርኩ። የሆቴሉ ባለቤት፣ «ጋሸ፣ በዚህ ዕድሜዎ የቀን ሠራተኛ ልቅጠርልዎ» ቢለኝ እንቢ አልኩ። ግንበኛ ጥልቀት የሚወስነው በሚገባበት ነገር ልክ ነው። ልጅቱ ቀትር ላይ ተኝታ ሳለች በክር ለካኋት፤ ከተረከዟ እስከ ጭኗ አጋማሽ፤ እዚያ ላይ ክሩን ቋጠርኩት። ውሃው እዚያ ቋጠሮ ላይ እንዲቆም አድርጌ ሠራሁት። ማዕዘኑን ሁሉ በእጄ አለሰለስኩ፣ የሚቧጭር ነገር እንዳይኖር በጉንጬ ዳሰስኩት። ሰሌዳው ላይም የጎደለውን መስመር ጨመርኩ። ቦታ ስላልተረፈ ፊደሉ ጥቃቅን ሆነ። ለልጄ ግን አልነገርኳትም፤ ስትመጣ በዓይኗ ትየው ብየ።

በሚቀጥለው ፈቃዷ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። መምጣት እንደማትችል የሰማነው እንደምንም ባሕር ዳር ደርሶ፣ በስልክ አግኝቷት ከተመለሰ ነጋዴ አፍ ነው። ፈቃዷን ስሙን በማላውቀው የወደብ ከተማ፣ አልጋ ተከራይታ ጨረሰችው። ሌላ ክረምት አለፈ። ባለቤቴ ልጅቱን ዳይፐር አስተወቻት። ፀጥ ባለ ሰሞን የሌላ ሰው ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በትንሹ ገንዳ ይንቦጫረቃሉ፤ እናቶቹ ይመርቁኛል። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አሜን እላለሁ። ልጅቱ ከጎኔ ቆማ ታያቸዋለች፣ አትገባም።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ልጄ መልኳን እያሳየች ደወለች። ከስታለች። እየሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ ባለቤቴንና ልጅቱን ይዤ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ስልኩን ወደ ትንሹ ገንዳ አዞርኩላት። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«መቼ ሠሩት?» አለች።

«በሄድሽ በወሩ።»

«ውሃው የት ይደርሳታል?»

ክሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጅቱን አቁሜ ከተረከዟ ጀምሬ ዘረጋሁት። በሕይወቴ የልክ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ቋጠሮው ከጉልበቷ ብዙም አላለፈም።

«ጉልበቷ» አልኳት።

ልጅቱ ክሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄ የሕፃን ነው!» አለች።

«እውነቷን ነው» አለች እናቷ ከመርከቡ። ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «አባየ፣ አሁን እኮ ዳይፐር የላትም። ሕጉ አይከለክላትም፣ አይደል?»

«አይከለክላትም።»

«እንግዲያው ትልቁ ውስጥ ያስገቧት። ልያት።»

«ማን ይዟት?»

«እርስዎ።»

«እኔ እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«አንድም ቀን ሳይሰጥሙ ዋና ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ደረጃው ጋ ብቻ። ለእኔ ሲሉ።»

ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ጫማየን አውልቄ ልጅቱን አቀፍኳት። ስወርድ ከሚዋኙት አንዱ፣ «ጋሸ! በልብስ ክልክል ነው ብለው ጽፈው የለ?» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ፍቀው!» አልኩት።

ውሃው ከጠበቅሁት በላይ ይቀዘቅዛል። ደረጃዎቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ በባዶ እግሬ ስረግጣቸው ግን ያ የመጀመሪያየ ነው። ሦስተኛው ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ስንት ዘመን ስኮራበት ኖሬ አላወቅሁትም ነበር። እግሬ ሲንሸራተት ልጅቱ ጮኸችና ሁለት እጆቿን አንገቴ ላይ ጠመጠመች። ጉንጯን ጉንጬ ላይ ለጠፈች። ልቧ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል።

«ያዘችዎ?» የልጄ ድምፅ ከጠርዙ መጣ።

«ይዛኛለች።»

«ጠበቅ አድርጋ?»

«ልታንቀኝ ነው።»

«እንዲያ ነው የሚይዙት» አለች።

ከውሃው ሆኜ የልጄ ፊት አይታየኝም። የሚታየኝ ባለቤቴ ነበረች። ውሃ የተረጨበት ይመስል የስልኩን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ውሃ ግን እስከዚያ አልደረሰም።

ልወጣ እግሬን ሳነሣ፣ «አባየ፣ አሁን አይውጡ፤ ትንሽ ልያት» አለች። ባጋደለው ደረጃ ላይ፣ ሱሪየ እግሬ ላይ እየተጣበቀ፣ ልጇን ይዤላት ቆምኩ። ልጅቱ አልለቀቀችኝም። ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ እዚያው ነበርን።