ለመመታት የሚወረውር ሰው

አንድ ሰው ሠላሳ ሁለት ዓመት ኳስ ሲወረውር ኖሮ አንድም መቺ ሳያስወጣ ቢቀር፣ ሕይወቱ ምን ነበር ይባላል? ፍልስፍና ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቅርቤው አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚመላለስብኝ እሱ ነው። የጥያቄው ባለቤት ከቤቴ ሦስት በር አልፎ የሚኖረው ኤሊሂዮ ኩዌቫስ ነው።

በከተማችን በባራኦና ኤሊሂዮን የማያውቅ የለም፤ በስሙ የሚጠሩት ግን ጥቂት ናቸው። ለሌላው ሁሉ «ዳቦ ጋጋሪው» ነው። ዳቦ ጋግሮ አያውቅም፤ የቤዝቦል ቡድናችን የልምምድ ወርዋሪ ነበር። ጨዋታ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ተመልካች ሳይገባ፣ መቺዎቹ ተራ በተራ ዱላቸውን ይዘው እየመጡ ክንዳቸውን ያፍታታሉ፤ ኳሱን የሚወረውርላቸው እሱ ነው። ሌላው ወርዋሪ መቺው እንዲስት ይወረውራል፤ ሦስቴ አስቶት ከሜዳ ካስወጣው እሰይ ይባልለታል። ኤሊሂዮ የሚወረውረው መቺው እንዲመታ ነው። በቀን ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ኳስ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም አንድ መጠን፣ ከምድጃ እየወጣ እንደሚታደል ዳቦ። ስሙም ከዚያ መጣ።

በወጣትነቱ እንዲህ አልነበረም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከሰሜን፣ እንግሊዝኛ ከሚነገርበት አገር የመጡ የትልቅ ቡድን ሰዎች በወርዋሪነት አስፈርመውት ዋና ከተማው አጠገብ ባለ ማሠልጠኛቸው ሁለት ዓመት ቆይቷል። ክርኑ ተበላሸ። የማሰናበቻውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፈው ሰጡት። እናቱ ማኅተሙንና ያሸበረቀውን ዓርማ አይታ ዲፕሎማ መሰላትና በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታሳያለች። እንግሊዝኛ ስለማነብ አንድ ቀን እኔንም ወስዳ ፊቱ አቆመችኝ። «እናዝናለን» ከሚለው ቃል ላይ ዓይኔን ሳነሳ ኤሊሂዮ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያየኛል።

«የሚያምር ወረቀት ነው፣ ዶኛ» አልኳት።

«አላልኩህም!» አለችው ልጇን። እሱም ወደ ጓሮ ወጣ።

ክርኑ ሲድንለት ወደ ከተማችን ቡድን ሄዶ ሥራ ጠየቀ። የልምምድ ወርዋሪያቸው በዚያው ሳምንት ለቅቆ ስለነበር «እስኪ ለጊዜው እዚህ ቁም» አሉት። የጊዜው ነገር እንደምታዩት ነው።

የትምህርት ቤት ሥራዬ ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ ከሰዓት በኋላ ባዶው ስታዲየም ውስጥ እየተቀመጥኩ ልምምዱን ማየት ልማድ አደረግሁ። ኳሶቹን ሱፐርማርኬት ከጣለው ባለጎማ ጋሪ ላይ እየዘገነ፣ ከሚመታው ኳስ ከሚከልለው መረብ ጀርባ ቆሞ ይወረውራል። እያንዳንዱ መቺ ኳሱን የት እንደሚወድ ያውቃል፤ አንዱ ቀበቶው ላይ፣ አንዱ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ከሰውነቱ ራቅ ብሎ። የፊት እግሩን ቶሎ የሚከፍት መቺ ካየ ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ ይነግረኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። አንድ መቺ መምታት ሲያቅተውና ተስፋ ሲቆርጥ ወደ እሱ ይልኩታል። ኤሊሂዮ ዱላው ወዳለበት ይወረውርለታል፤ ልጁም የመምታት ችሎታው የተመለሰለት እየመሰለው ይሄዳል። ከዚያ በጨዋታው ላይ የምር ይመለስለታል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ጀመር። መቺው የቱን እንደሚመታ እንዲህ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው፣ የቱን እንደማይመታ ሳያውቅ ይቀራል? አንዱ ዕውቀት የሌላው ጀርባ ነው። እንግዲያው ይህ ሰው በየቀኑ አንዱን ገጽ እያሳየ ሌላውን ደብቆ ይኖራል ማለት ነው። ወይስ ጀርባው ባዶ ነው? ይህን ማወቅ ፈለግሁ። የእሑድ ዶሚኖ ስንጫወት ጠየቅሁት።

«ኤሊሂዮ፣ ብትፈልግ ታስወጣቸዋለህ?»

«ማንን?»

«እነዚህን የምታበላቸውን።»

የዶሚኖ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገው። «ፕሮፌ፣ ተራህ ነው። ተጫወት።» ሰፈሩ መምህርነቴን አሳጥሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው።

ሚስቱ ኤርሲሊያ ከወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። «አይነግርህም፣ አትልፋ! እኔም ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ። በእንቅልፉ ግን ይወረውራል፤ ባለፈው አፍንጫዬን ሊሰብረው ለጥቂት!»

«በእንቅልፌ ማንን አስወጥቼ ይሆን?» አለ እየሳቀ።

«እኔን ነዋ፣ ከአልጋው!»

ሳቅን። የማላውቀውን የነገረችኝ እሱ ሲጋራ ሊገዛ ወደ ጥጉ ሱቅ ሲወጣ ነው። በየዓመቱ ውድድሩ ሊያበቃ ሲል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ አሠልጣኙ ቢሮ ይገባና አንድ ነገር ይለምናል፦ በእውነተኛ ጨዋታ፣ ዳኛ ባለበት፣ ለአንድ መቺ ልወርውር። ለአንድ ብቻ። የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሳቀበት። ሁለተኛው «ለከርሞ» አለው፤ ከርሞ ሳይደርስ ራሱ ተባረረ። ሦስተኛው «አንተ ብትጎዳ ማን ያለማምድልኛል?» አለው። ይህኛው መልስ ሁለት ቀን ያህል አስደስቶት እንደነበር ኤርሲሊያ ነገረችኝ።

ከዚያ ፋውስቶ ኡርባኤስ አሠልጣኝ ሆነ። ፋውስቶ በተጫዋችነቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኤሊሂዮን ኳስ ሲመታ የኖረ ሰው ስለሆነ ኤሊሂዮ ተስፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ግን ራዳሜስ የሚባል አዲስ መቺ መጣ።

ራዳሜስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አፉም እንደ ትከሻው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከተማው ስሙን ያዘ። አንድ ቀን በልምምድ ላይ አምስት ኳስ በተከታታይ ከአጥሩ ውጭ ከላከ በኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጮኸ።

«ዳቦ ጋጋሪው! ዛሬ ዳቦው ቀዝቅዟል እንዴ? ይቺንማ አያቴም ትመታታለች። እሷ ደግሞ ዓይኗ አያይም!»

ሌሎቹ ሳቁ። ኤሊሂዮ ሲሰደብ የመጀመሪያው አልነበረም። ለምን ያን ቀን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከጋሪው ኳስ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው፤ ሌላ መረጠ።

ኳሱ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ መጣ፤ ቀበቶው ጋ ሲደርስ ግን ወለሉ የተከፈተበት ይመስል ወደ ታች ወደቀ። ራዳሜስ አየር መታና ቆቡ ከራሱ ላይ በረረ።

«እንዴ ራዳሜስ! ዝንብ ነው የምታባርረው?» አለ አንዱ።

«ሸርተት ብሎኝ ነው! ድገም፣ አንተ ሽማግሌ!»

ሁለተኛው ወደ ሰውነቱ ታጠፈበት። ሦስተኛውን ዝም ብሎ አየው፤ ዱላውን ማንሳትም ረሳ። ከዚያ ኤሊሂዮ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ለስላሳው ኳስ ተመለሰ።

እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ አጥሩ ሮጥኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ። «ታዲያ ትችላለህ!» አልኩት።

«ምኑን?» አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል። «ፕሮፌ፣ እሱ ዳቦ ነው የጠበቀው። ዳቦ ለሚጠብቅ ሰው ድንጋይ ብትሰጠው ጥርሱ ይሰበራል። ይሄ ችሎታ ነው? ይሄ ማታለል ነው።»

«ኳሱ ግን ታጠፈ እኮ፤ በዓይኔ አየሁ።»

«ኳስ ማጠፍ ሌላ፣ ሰው ማስወጣት ሌላ። ላስወጣው እንደመጣሁ እያወቀ፣ ሊመታኝ ፈልጎ መቆም አለበት። ያኔ ነው የሚታወቀው።»

«ምኑ?»

«ወርዋሪ መሆን አለመሆኔ።»

አየር ላይ የተንሳፈፈው ጥያቄዬ ያን ቀን መሬት ያዘ። እኔ የማወቅ ጉጉት ያደረብኝ ተመልካች ነበርኩ፤ እሱ ግን ስለ ገዛ ራሱ የማያውቀው ነገር ነበረው። መልሱ የሚገኘውም ሌላ ሰው እሺ ካለለት ብቻ ነው።

የዚያ ቀን ሦስት ኳስ ብዙ አስከፈለው። ራዳሜስ በዘጠኝ ጨዋታ አንድ እንኳ መምታት አቃተው። ለስላሳ ኳስ ሲመጣ ይጠራጠራል፤ ሲጠራጠር ይዘገያል። ፋውስቶ ኤሊሂዮን ቢሮው ጠርቶ አንባረቀበት፤ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አበላሸህብኝ! የልጁን ዓይን አበላሸህብኝ! የአንተ ሥራ ማስወጣት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ነክቶህ ነው?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔው አስተካክለዋለሁ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሜዳ ይወርዱ ነበር። ኤሊሂዮ በቅድሚያ ከአምስት እርምጃ ርቀት፣ እጁን ከታች ወደ ላይ እያወዛወዘ፣ ለሕፃን እንደሚወረወር ወረወረለት። ራዳሜስ «አታሹፍብኝ» ብሎ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ይመታ ጀመር። በየቀኑ አንድ እርምጃ እየራቀ፣ ስምንት ቀን። በስምንተኛው ቀን የራዳሜስ ኳስ ከአጥሩ አልፎ የዓሣ ነጋዴዋን ጃንጥላ ቀደደ፤ ሴትየዋ እየተራገመች መጣች፤ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አገኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ራዳሜስ «ፓፓ» እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም።

ዓመቶች አለፉ። ኤሊሂዮ አምሳ ሦስት ሞላው። ኤርሲሊያ ማታ ማታ በካምፎርና በሩም አረቄ የምታሸው ትከሻው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነገረው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን፣ የእሱም የመሰናበቻ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቡድናችን ከሁሉም መጨረሻ ወጥቷል፤ ብናሸንፍ ብንሸነፍ የሚለወጥ ነገር የለም። ኤሊሂዮ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ፋውስቶ ገባ፤ እኔ እንድመሰክርለት ነው መሰል አስከትሎኝ።

«ፋውስቶ፣ አንድ መቺ» አለው።

ፋውስቶ ወንበሩ ላይ ተንቆራጠጠ። «የተመዘገቡት ዝርዝር ተዘግቷል፣ ወንድሜ። ስምህ እዚያ የለም። ጨዋታውን ይሰርዙብኛል።»

«የምንሸነፈውን ጨዋታ ነው የሚሰርዙት?»

«እሺ፤ እውነቱን ልንገርህ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኳስህን መትተው ከስታዲየሙ ውጭ ቢልኩብህስ? በመጨረሻ ቀንህ፣ ሕዝብ እያየ? እኔ ያንን ማየት አልችልም።»

«እኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ፋውስቶ ራሱን ነቀነቀ። በምትኩ ከጨዋታው በኋላ ሜዳ መሐል እንደሚሸልሙት ነገረው። ለእሱ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ይህን ልጠራጠር አልችልም።

ተሸነፍን። ተመልካቹ አልተበተነም። ድምፅ ማጉያው ስሙን ሲጠራ ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው፤ «ዳቦ! ዳቦ!» እያለ ሕዝቡ ዘፈነ። ለሽልማቱ ከተጠሩት ጎረቤቶች አንዱ ሆኜ እኔም ሜዳ ገብቻለሁ። ዋንጫ ቢጤ ሰጡት። ዋንጫውን ለኤርሲሊያ አቀብሎ ወርዋሪ ወደሚቆምበት ጉብታ ወጣ፤ ከኪሱም ኳስ አወጣ።

«ኒካኖር» አለው ጭምብሉን አውልቆ ሊወጣ የነበረውን ዳኛ። «ሦስት ኳስ ብቻ ዳኘን።»

«ዶን ኤሊሂዮ፣ የኔ ሥራ አልቋል። ያለ ጨዋታ ዳኝነት ምን ዋጋ አለው?»

ኤሊሂዮ ወደ ራዳሜስ ዞረ። «በል ዱላህን አምጣ፣ ልጄ።»

ራዳሜስ ነገሩ ቀልድ መሰለው። እንዳልሆነ ሲገባው እጆቹን ዘረጋ። «ፓፓ፣ እኔ አንተ ላይ ዱላ አላነሳም።»

«በቀን ሠላሳ ጊዜ ታነሳ የለም እንዴ!»

«ያ ሌላ ነው።»

«ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የምለምንህ።»

ራዳሜስ ተጠግቶ በለሆሳስ፣ «ደስ ካለህ ሦስቱንም እስትልሃለሁ። ማንም አያውቅም» አለው።

ኤሊሂዮ በጥፊ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ። «ተው። እንደዚህ አታድርገኝ። እንደማታውቀኝ ሆነህ ቁም። ልትመታኝ ቁም።»

ራዳሜስ ግን ዕንባው መጥቶ ጉብታው ላይ ወጣና አቀፈው። ፎቶ አንሺዎቹ ተሯሯጡ። ፋውስቶ አጨበጨበ፤ ኒካኖር አጨበጨበ፤ እኔም መልሱን ለማወቅ ያን ያህል ዓመት የጓጓሁት ሰውዬ አጨበጨብኩ። ከሁሉም ለእነሱ ቅርብ ስለነበርኩ፣ ከዚያ ሰፊ ትከሻ ሥር ታፍኖ የወጣውን ድምፅ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«እባክህ ልጄ» ይል ነበር፣ «ልቀቀኝና ዱላህን አንሳ።»