በጓንት የተንኳኳው ሳህን

በጆሃንስበርግ አንድ የሐራጅ ቤት ሥራ በጀመርሁበት ዕለት፣ ለሽያጭ የቀረበ ጎድጓዳ ሳህን በጥፍራቸው የሚያንኳኩ ደንበኛ ላስቆም ተንደረደርሁ። አገር ቤት በቅርስ መዝጋቢነት ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ቅርስ አይነካም። እዚህ ግን ሰዎች ከጨረታ በፊት ሥዕልና ፖርሴሊን የሚባለውን ጥንታዊ ስስ ሸክላ ቀርበው የሚመለከቱበት አዳራሽ ተቆጣጣሪ ነበርሁ።

አለቃዬ ሚስ ኤልሳ ከለከሉኝ። «ይተዉአቸው። ጤነኛ ፖርሴሊን ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።»

ደንበኛው ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ላለችው ለካትሌሆንግ ሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍሉ የአገሬ ሰው ናቸው። «እናቴ እንስራ ሳታንኳኳ ገዝታ አታውቅም» አሉኝ እየሳቁ። «እርስዎ ግን ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነበር!»

ወዳጆች ሆንን። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዓሣ የተሣለባቸውን ሁለት መንታ ሳህኖች ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው መርጠው ነበር። ሳህኖቹ ለየብቻ ተጫረቱ፤ ሐጂ አንዱን ገዙ፣ ሌላውን ሌላ ሰው ወሰደው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም የቀረውን መፈለግ አልተዉም።

በወረርሽኙ ጊዜ ያ ሳህን ተመልሶ ለጨረታ መጣ። ወዲያው ደወልሁላቸው። አዲሱ ደንብ ጥብቅ ነበር፦ በቀጠሮ መግባት፣ ጭምብልና ወፍራም ጓንት ማድረግ፣ ዕቃውን ከተቀመጠበት ስፖንጅ አለማንሣት።

ሐጂ ጎንበስ ብለው በጓንት ጣታቸው አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ሰጠ። ደገሙ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይቺ አሟታል።»

«ስንጥቅ አላየሁባትም፣ ሐጂ።»

«ዓይን ይሸነገላል። ለልጄ የታመመች ሳህን ብሰጣት እናቷ ምን ትለኛለች?»

ድምፁን እኔም ሰምቼዋለሁና አመንኋቸው። ሐጂ ሳይጫረቱ ቀሩ፤ ሳህኑን በፎቶ ብቻ ያየ የባሕር ማዶ ሰው ገዛው።

በእሽግ ጊዜ ጓንት ስለሚያንሸራትት እጄን ታጥቤ ሳህኑን በባዶ እጄ አነሣሁት። ጥፍሬ ጠርዙን ነካ። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ድምፁም ቶሎ አልጠፋም።

ደወልሁና ነገርኋቸው።

«ምንም አልሆነችም ማለት ነው?»

«ምንም አልሆነችም።»

«እንግዲህ ለገዛት ትባረክለት» አሉና ዘጉት። አዳራሹ እንደ ቀድሞው ሲከፈት ብጠራቸው፣ «ከእንግዲህ ምን ልፈልግ?» ብለው ቀሩ።

ፖርሴሊን የሚፈተነው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ በባዶ እጅ ነው። ይህ ካልተቻለ ዕቃው አልተፈተነም ማለት ነው እንጂ፣ ተፈትኖ ወደቀ ማለት አይደለም።