በመስኮት ቁጥር አራት ያልተጠራው ስም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ኤምባሲ መስኮት ቁጥር አራት ፊት የቆመች የዲላ ሴት የባሏን ሙሉ ስም ተጠይቃ ሳትመልስ ቀረች።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከመስኮቱ የተሰጣትን ወረቀትም በዓይኔ አይቻለሁ። ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ ይዛ በስድሳ ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ እንድትመለስ፣ ካልተመለሰች ግን ፋይሉ እንደሚዘጋ ይናገራል። ባሏ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። እዚያ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ፣ ሚስቱን ለማስመጣት ያመለከተው እሱ ነው።

ወረቀቱን ለምን ለእኔ እንዳመጣችው ላስረዳ። ጋዜጠኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአካባቢያችን ሬዲዮ፣ አድማጮች ስለ ቪዛና ስለ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚልኩትን ጥያቄ አነባለሁ፤ አንድ ጠበቃ በስልክ ይመልሳል። ጠበቃው የሚኖረው ሐዋሳ ነው፣ እኔ የምኖረው ዲላ። ስለዚህ የዲላ ሰው ጠበቃው እኔ ነኝ ብሎ ደምድሟል። ማስተባበያ ብናገርም የሰማኝ የለም።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዬ ግማሽ ራሴን ከላጨ በኋላ እጁን አቆመና፣

«አጎቴ እዚያ አገር ዜጋ ሆኗል፤ ይወስደኛል አይደል?» አለኝ።

«አጎት የእህቱን ልጅ ለማስመጣት ማመልከት አይችልም።»

«የእናቴ ወንድም እኮ ነው!»

«ገብቶኛል።»

«አንድ ጡት የጠቡ!»

«ሕጉ ስለ ጡት የሚለው ነገር የለም።»

ምላጩ ጆሮዬ አጠገብ ስለነበር ጠበቃውን ደግሜ እንደምጠይቅለት ቃል ገባሁ። ጠየቅኩም። አሁንም አይችልም።

ወረቀቱን ያመጣችልኝ ልጅ ጎረቤቴ ናት። የምትሠራው በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ከዲላም ከጪጩም የሚመጣ ሰው የቪዛ ቅጹን የሚያስሞላው እሷ ጋ ነው። «የአመልካች ሙሉ ስም» በሚለው መስመር ላይ በሕይወቷ ስንት ሰው ስም እንደጻፈች እግዜር ይቁጠረው። የራሷን ቅጽ ግን የሞላችላት የሱቁ ባለቤት ነበረች። ያኔ ሁላችንም ትሕትና መሰለን።

«የባልሽን ስም አጥተሽው ነው?» አልኳት፣ ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ።

«እንዴት አጣዋለሁ ጋሼ? የሱን ስም ጠራሁ። ከዚያ ‹የአባቱስ?› አለችኝ አስተርጓሚዋ።»

«እና?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ነገሩ ገባኝ። በጌዴኦ አንዲት ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ጥብቅ የሆነችዋ ደግሞ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች፤ በቦታው ሌላ ትፈልጋለች። ዛሬ ሁሉም አይጠብቀውም፤ ከተማ ውስጥ የተዉት ብዙ ናቸው። እሷ ግን አልተወችም። የባሏ አባት ዱመርሶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስማቸው በ«ቡ» ይጀምራል፤ ከዚህ በላይ እኔም አልናገርም። በዚህ ምክንያት ልጅቷ ካገባች ጀምሮ፣ በጌዴኦኛም ሆነ በአማርኛ፣ ቡና ብላ አታውቅም። ቡና በሚለቀምበት፣ በሚታጠብበትና በሚሸጥበት አገር እየኖረች ቡናን «ያ የሚለቀመው» ትለዋለች። ቡላን ደግሞ «ነጩ»።

እኛ አገር ደግሞ የሰው ሙሉ ስም ማለት የራሱና የአባቱ ስም ነው። የባሏን ሙሉ ስም መጥራት ማለት የአማቷን ስም መጥራት ማለት ነው። ኤምባሲው የጠየቃት የመጀመሪያውን ቀላል ጥያቄ ነበር።

ጋዜጠኛ ሥራውን የሚጀምረው ስም በመጠየቅ ነው። በሥራ ዘመኔ ስሜ አይጠራ ያለኝ ባለሥልጣንም ሌባም አጋጥሞኛል። የሌላ ሰው ስም ላለመጥራት ቪዛ የምታጣ ሰው ግን አላጋጠመኝም ነበር።

በማግስቱ ልምምድ ጀመርን። እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቆሜ ቆንስል ሆንኩ። የሱቁ ባለቤት፣ ቤተሰቧ ከጉራጌ የመጣ ነጋዴ ናት፣ ምላሷ ከማሽኑ ይፈጥናል፤ ሳንሾማት አስተርጓሚ ሆነች።

«ባልሽ የሚሠራው በስንት ሰዓት ነው?»

«ሌሊት ሌሊት፣ መጋዘን ውስጥ።»

«የማይስማማው ምግብ?»

«እንቁላል። ያሳክከዋል።»

«ሙሉ ስሙ?»

ነጠላዋ እንደገና ወደ አፏ ወጣ።

«በይ ሳል አስመስለሽ አውጪው!» አለች የሱቁ ባለቤት። «ክኽ! ክኽ! እያልሽ መሀሉ ላይ ሸጎጥ!»

«በሳል የተሰጠ ቃል ቃል አይደለም» አልኩ።

«እሺ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልጥራ፣ እሷ አፏን ታንቀሳቅስ።»

«ወደ ውስጥ የሚገባው አመልካች ብቻ ነው። ደግሞም ማጭበርበር ነው።»

«ውይ ጋሽዬ፣ አንተ ደግሞ ከቆንስሉ ባስክ!»

ወደ ሰነድ ማስረጃ ዞርን። የሦስት ዓመት የስልክ ጥሪና የመልእክት ዝርዝር ከስልኳ አተምን፤ አርባ ገጽ ሆነ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ የደዋዩ ስም «እሱ» ይላል። ሁለተኛውም «እሱ»። አርባኛውም «እሱ»። በስልኳ የመዘገበችው እንደዚያ ነው።

«ይሄ ‹እሱ› ማን መሆኑ በምን ይታወቃል?» አልኩ።

የሱቁ ባለቤት ወገቧን ያዘች። «ጋሽዬ ሙት! ለዚች ልጅ በዓለም ላይ ሌላ እሱ አለ?»

እውነት ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ቁጥሩ የባሏ መሆኑን ከማመልከቻው ጋር አመሳክረን በየገጹ ግርጌ ጻፍን። እሱ ራሱ ማታ ደወለና እኔን ጠየቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብትጠራው ምን ትሆናለች? አባቴ ራሱ ይፈቅድላታል እኮ።»

«ይፈቅዳሉ ነው ወይስ ፈቅደዋል?» አልኩት።

«ጠይቅልኝ።»

ቅዳሜ ከፕሮግራሜ በኋላ ሦስታችን፣ እኔ፣ ልጅቷና የሱቁ ባለቤት፣ ዱመርሶ ሄድን። የለቀማ ሰሞን ስለነበር ሽማግሌውን አማቷን ከእንሰቱ ሥር ቀይ ፍሬ የሞላ ቅርጫት ይዘው አገኘናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ቅርጫቱን አስቀመጡና በቀጥታ ወደ ሶንጎ ወሰዱን፤ ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ዛፍ ሥር ነው። አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እኔ ቆጥሬአለሁ።

አማቷ በሁሉም ፊት ቆሙ። «እኔ ፈቅጃለሁ!» አሉ። ወደ እሷ ዞረው፣ «ጥሪኝ! አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም አይሰማሽም» አሏት።

አሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመስማት ወደ ፊት አዘነበሉ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ከንፈሮቿ ሲገጥሙ አየሁ። ከዚያ ሳቋ አመለጣትና ወደ እንሰቱ ውስጥ ሮጠች።

«እንዲህ ያለች ግትር! ልጄን ብቻውን ልታስቀርብኝ ነው!» አሉ ሽማግሌው ጮክ ብለው። ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «አየህልኝ ምን ዓይነት ምራት እንዳለችኝ? እስቲ የማን ምራት ናት እንደሷ?» አሉኝ።

የሶንጎው ውይይት አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ስሙ የሱ ነው፤ አፉ ግን የሷ ነው። የሰው አፍ በፈቃድ አይከፈትም» አሉ። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ግን ጥያቄ አመጡ፤ መጻፍስ? አባቶች ይህን ሲደነግጉ ጽሕፈት አልነበረም፤ ያልነበረ ነገር ደግሞ አልተከለከለም። ስለዚህ መጥራት አትችልም፣ መጻፍ ትችላለች ተባለ። ሐዋሳ ያለው ጠበቃችን ይህን ሲሰማ ከዚያ የተሻለ የሕግ ትርጓሜ በዓመቱ አልሰማሁም ብሎኛል።

ልማዱን የሚያስረዳ ደብዳቤ አረቀቅኩ። እንደ ልማዴ በሦስት ምንጭ አጣራሁ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የቋንቋ መምህር፣ ከልጅቷ አማት ጋር ዘመድነት የሌላት አንዲት ባለትዳር። ባለትዳሯን ሳነጋግር የራሷን አማት ስም ጠየቅኳት፤ በር ዘግታብኝ ገባች። ሦስተኛው ምንጭ ተረጋገጠ ብዬ ጻፍኩ።

ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገው ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ሁለቴ አነበበው።

«ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው» አለኝ።

«አዎ።»

«የታወቀ ነገር ላይ ማኅተም አይደረግም።»

«ባልታወቀ ነገር ላይስ?»

«ባልታወቀ ነገር ላይማ እንዴት ብለን?»

በሦስተኛው ቀን፣ አማቷ ራሳቸው ከዱመርሶ መጥተው ፊቱ ሲቀመጡ፣ ማኅተሙ ተደረገ።

የቀረን ሰባት ቀን ነበር። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ዕለት እኔም ለሥራ አዲስ አበባ ስለነበርኩ አብሬያት ሄድኩ። አልገባሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃሏ ነው። ሦስት ጊዜ አስደግሜአት ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆኖልኛል።

መስኮቱ ያው አራት ቁጥር ነበር። ቆንስሉ ደብዳቤውን በአስተርጓሚዋ በኩል አነበበ። ከዚያ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ በመስኮቱ ሥር አሳለፈላት፤ መጻፍ ይቻላል ይላልና ጻፊው ማለቱ ነው።

«ጻፍሽ?» አልኳት።

«እስክሪብቶውን ያዝኩ ጋሼ።»

«ጻፍሽ ወይ?»

«የሱን ስም ጻፍኩ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሶንጎ የፈቀደልሽን?»

«ሶንጎ እጄን አላናገረውማ!»

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ፤ ምንጭ ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀንም አልጮኽኩም። ድንጋዩን ያዝ አድርጌ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቅኩ።

ቆንስሉ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ የባልሽ ቤተሰብ መተዳደሪያው ምንድን ነው አላት።

«ያ የሚለቀመው» አለች።

«የቱ?»

«ቀዩ። ታጥቦ የሚሰጣው።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ቆንስሉ ደብዳቤውን እንደገና አየው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሲኒ አንሥቶ በመስታወቱ በኩል አሳያትና፣ ይሄ ምንድን ነው አላት።

«ትኩሱ።»

«ትኩስ ምን?»

«ከሚለቀመው የሚፈላው።»

«ሻይ ነው?» አላት፣ እያወቀ።

«ኧረ ሻይ አይደለም!»

«ታዲያ ስሙን ንገሪኛ።»

«የሚጠጡት እርስዎ፣ የሚጠይቁት እኔን!» አለችው። አስተርጓሚዋ ይህን ለመተርጎም ትንሽ ጊዜ እንደወሰደባት ልጅቷ ትናገራለች። ቆንስሉ ሲኒውን አስቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ በቃሽ፣ መሄድ ትችያለሽ አላት።

«ፓስፖርትሽስ?» አልኳት።

«አልመለሰልኝም። እሱ ጋ ቀረ። ባለፈው መልሶልኝ ነበር እኮ። ምን ማለት ነው ጋሼ?»

ፓስፖርት ማስቀረት ብዙውን ጊዜ ቪዛ ተፈቀደ ማለት ነው። «ብዙውን ጊዜ» ደግሞ ዜና አይደለም። ስለዚህ ገና አልተረጋገጠም አልኳት። እስከ ዲላ ድረስ አኩርፋኝ ሄደች።

ፓስፖርቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ቪዛው ገጽ ላይ ያለውን ስሟንና የልደት ቀኗን ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር ካመሳከርኩ በኋላ ደስ ብሎኛል አልኳት። የሱቁ ባለቤት እልልታዋን የጀመረችው እኔ ማመሳከር ከመጀመሬ በፊት ነው።

ፀጉር አስተካካዬ ወሬውን በሰማ ሰዓት ቢሮዬ ድረስ መጣ ብል እዋሻለሁ፤ ቢሮ የለኝም። ቤቴ ድረስ ነው የመጣው።

«እሷ ስም ሳትጠራ ከሄደች፣ እኔ የአጎቴን ስም ከነአያቱ እየጠራሁ እንዴት እቀራለሁ?» አለኝ።

በሄደችበት ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዲላ መናኸሪያ ነበርን። አማቷ ከዱመርሶ ሌሊት ተነሥተው መጥተዋል፤ እሳቸው ሲናገሩ እሷ እንደ ልማዷ መሬት መሬት ታያለች። ረዳቱ ሻንጣዋን መኪናው ጣሪያ ላይ ከመጫኑ በፊት፣ አየር ማረፊያ ላይ እንዳትቸገር ብዬ በውስጡ ያለውን ዝርዝር አስጽፌአት ስለነበር፣ ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ራሷ በሱቁ ኮምፒዩተር የጻፈችው፣ አንድም የፊደል ስሕተት የሌለበት ነው። ቁጥር አንድ፣ ልብስ። ቁጥር ሁለት፣ የሠርግ አልበም። ቁጥር ሦስት፣ ነጩ፣ ሁለት ኪሎ። ቁጥር አራት፣ የተቆላ፣ ሦስት ኪሎ።