ለአሪኛ ሁለትን ይጫኑ

ስለ ልጆች ክትባት በነፃ የሚነግር የስልክ መስመር ጂንካ ላይ ስንሠራ፣ የአሪኛውን መልእክት ያነበበችው ታላቅ እህቴ ነበረች። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ቀረጽናት። መሐል ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ገባብን። እንደገና እንቅረጽ ብላት፣ "ጂንካ ባጃጅ እንዳለ የማያውቅ ካለ ይወቅ!" ብላ ተነሥታ ሄደች።

የእኔ ሥራ መስመሩን መፈተሽ ነበር። በየቀኑ እየደወሉ ማዳመጥ ስለሚያሰለች ይህንኑ የሚያደርግልኝ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማለዳ ማለዳ ራሱ ይደውላል፣ ሁለት ቁጥርን ይጫናል፣ የሰማውን ድምፅ ትክክል ነው ብዬ ካስቀመጥኩለት ቅጂ ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ያበራል። እህቴ ነዝናዛው ትለው ነበር። "እኔን ካላመንክ ማንን ልታምን ነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በዓመቱ ታማ ሞተችብን። ከሐዘን ተነሥቼ ቢሮ ስገባ አረንጓዴው በርቶ ጠበቀኝ፤ ለእሱ ምንም አልጎደለም። በዕቃ መናደድ ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ ተናደድኩበት።

እናቴ ደግሞ ከገበያ ስትመለስ ደጃፍ ቁጭ ብላ ወደ መስመሩ መደወል ጀመረች። ፊደል ባትቆጥርም የሁለትን ቦታ ጣቷ ለምዶታል። ስለ ክትባት እስከ መጨረሻው ትሰማና "እሺ ልጄ" ብላ ትዘጋለች።

ከዚያ የክትባቱ መርሐ ግብር ተለወጠ፤ መልእክቱ በሌላ ሴት ድምፅ ተቀረጸ። እናቴ እንዳትጎዳ የእህቴን ቅጂ ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ከፈትኩላት። ጥቂት አዳምጣ ስልኩን መለሰችልኝ።

"ይሄ እኮ የተቀመጠ ነው" አለችኝ በአሪኛ። "እዚያ ስደውል ግን ታነሣልኛለች።"

አሮጌውን መልእክት መስመሩ ላይ ላቆየው ብል ደግሞ የሌላዋ እናት ልጅ ክትባቱ ያልፈዋል።

አዲሱ በገባ ማግስት ነዝናዛው ቀይ አበራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም እህቴን ከነባጃጇ ካላመጣችሁ አለ። ያን ቀን ወደድኩት። ቀዩን ለማጥፋት ግን የእሷን ቅጂ አውጥቼ፣ የአዲሷን አስገብቼ፣ ትክክሏ ይቺ ናት ብዬ መንገር ነበረብኝ። እያለቀስኩ ነገርኩት። አረንጓዴ ሆነ።

ከገበያ መልስ እናቴ እንደ ልማዷ ደወለች። የማታውቃትን ሴት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። "እሺ ልጄ" አላለችም። ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችና፣

"ልጄ ዛሬ ሞተች" አለችኝ።