የታችኛው መንጋጋዬ

ሱሉልታ የምትኖረው አክስቴ ጥርሷን ከተነቀለች በኋላ ሕመሙ አልለቀቃትም። የተነቀለው ደህናው፣ የቀረው ደግሞ የታመመው መሆኑን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ያንን ከሰማሁ ወዲህ ጥርስ ሐኪም ፊት አፌን መክፈት አልወድም። ሥራዬም መጠራጠርን አስለምዶኛል፤ ቡራዩ ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ወደ ብርሃን እያነሳሁ እንከን ስፈልግ እውላለሁ።

ባለፈው ክረምት በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋዬ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ብቻ ነበር፤ በኋላ ሳልጠጣም ይጠዘጥዘኝ ጀመር። አከራዬ፣ አዛውንት ሴት ናቸው፣ አንድ ቀን ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀው ቀና ሲሉ ጉንጬን እንደያዝኩ አዩኝ።

«ቅርንፉድ ንከሺበት፤» አሉኝ። «እሱ ግን ማስታገሻ ነው። ሐኪም ዘንድ ሳትሄጂ እንዳትቀሪ።»

ቅርንፉዱም፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጡም ለጊዜው አቀለሉልኝ፤ ግን ሕመሙ እየተመለሰ መጣ። በመጨረሻ እዚያው ቡራዩ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ራጅ አንስታ ምስሉን አሳየችኝ።

«የተበላሸው የላይኛው ነው፤ ውስጡ ተበልቷል።»

«እኔን የሚያመኝ የታችኛው ነው።»

«ይሆናል። ሕመሙ ከላይ ተነስቶ ታች ሊሰማዎት ይችላል።»

ምስሉን አየሁት። ስሜ እንኳ አልተጻፈበትም። ከእኔ በፊት የገባው ሰውዬ ምስል ቢሆንስ? አክስቴ ትዝ አለችኝ። «አስቤበት እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሐኪሟም ካበጠብኝ ወይም ካተኮሰኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። ይህንንም ለማስፈራራት ያለችው መሰለኝ።

ሌላ ሐኪም ለመሞከር ሰበታን መረጥኩ፤ እዚያ ያለ ሐኪም እሷን ሊያውቃት አይችልም ብዬ። በአየር ጤና በኩል ታክሲ ቀያይሬ ደረስኩ። ይሄኛው ሐኪም ጎልማሳ ሰው ነው። የቡራዩውን ነገር አልነገርኩትም፤ በጣቴ የታችኛውን ጥርስ ብቻ አሳየሁት። በጥርስ መመልከቻ መስታወቱ እጀታ ጥርሶቼን አንድ በአንድ መታ መታ አደረጋቸው። የታችኛው ላይ ምንም አልሆንኩም። የላይኛውን ሲነካው ከወንበሩ ተነሳሁ።

«ይኸው፣ ይሄኛው ነው።»

ተነጋግረዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። «ቡራዩ ያለችውን ሐኪም ያውቋታል?» አልኩት።

«የትኛዋን?» አለኝ። ፊቱን አጠናሁ፤ የደበቀው ነገር አላየሁበትም፤ ቢሆንም አላመንኩትም፤ የሚያመኝ የታችኛው ነው አልኩት። እሱም አልተቀየመም። «እንግዲያው የላይኛውን ብቻ ላደንዝዘው። የታችኛው ሕመም ካልተወዎት ምንም ሳልነካዎት ይሄዳሉ።»

እሺ አልኩ። መርፌውን ወግቶኝ ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ መንጋጋዬ ጸጥ አለ። ሳምንታት ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ የኖረው ሕመም ጠፋ። በምላሴ የታችኛውን ጥርስ ገፋሁት፤ ምንም የለም።

«መድኃኒቱ ወደ ታች ወርዶ ይሆናላ፤» አልኩ፣ አፌ እየተንሻፈፈ።

«የታችኛውን ከንፈርዎን ቆንጠጥ ያድርጉት።»

ቆነጠጥኩት፤ አመመኝ። ታችኛው በኩል አልደነዘዘም።  አፌን ከፈትኩ፤ እጄ ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ቀረ።

የላይኛውን ጥርስ ሥሩን አጽድቶ፣ በሌላ ቀጠሮ ሞልቶ ዘጋልኝ፤ መንቀል አላስፈለገም። የመጨረሻው ቀን ሥራውን ሲጨርስ መስታወት ጠየቅኩት። ሙሌቱን ወደ መብራቱ ዞሬ በደንብ አየሁት፤ ጠርዙን በምላሴ ዳሰስኩ። እሱ ጓንቱን እያወለቀ ጠበቀኝ። እንከን አላገኘሁበትም።