በበዓለ ኀምሳ የጀመርኩት ጾም

ናይሮቢ የገባሁት የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ነው። ወቅቱን ልብ በሉልኝ። በዚያ ሃምሳ ቀን ውስጥ እንኳን ሌላው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቄሶቹን በጾም የምታስንቀው እናቴ እንኳ በእነዚያ ቀናት ዓርብ ጠዋት ቋንጣ ፍርፍር ትበላለች። እኔ ግን በዚያው ወቅት፣ ያውም በማክሰኞ፣ ጾመኛ ሆንኩ።

ለዘጠኝ ወር የላቦራቶሪ ሥልጠና የተቀበለኝ ተቋም ያሳረፈኝ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አንዲት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዘንድ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው አግብታ ሞምባሳ ትኖራለች። ፎቁ ሁሉ «ማማ» ስለሚላቸው እኔም ማማ አልኳቸው። በር ላይ ከእግር እስከ ራሴ ገረመሙኝና «ቀጭን ነህ፤ እናስተካክልሃለን» አሉኝ፤ ስሕተት የበዛበት የፈተና ወረቀት የሰጠኋቸው ይመስል። ያኔውኑ ወደድኳቸው፤ ፈራኋቸውም።

እራት ላይ ኡጋሊ ቀረበ። ገንፎ ነው፤ ግን መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሚተኛበት ጉድጓድ የለውም፤ እንደ ሳሙና እየተቆረጠ ሳህን ላይ ይቀመጣል። እሱስ ይሁን። ከጎኑ ግን ኦሜና የሚሉት ነበር፤ ከነራሱ፣ ከነጅራቱ፣ ከነዓይኑ የተጠበሰ፣ የትንሿን ጣቴን እንኳ የማያክል የሐይቅ ዓሣ። ሳህኔ ላይ ሁለት መቶ ዓይን ሳይኖር አይቀርም። ሁሉም እኔን ያያል።

«ይህን አልወድም» ማለት ቀላል ነበር። እኔ ባደግኩበት ቤት ግን እንግዳ የቀረበለትን አልወድም አይልም። በልቻለሁ ብሎ ይምላል፤ ሆዴን አሞኛል ይላል፤ ሲጨንቀው ደግሞ ማንም የማይከራከረውን ሰበብ ያወጣል።

«ይቅርታ ማማ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

ማማ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። «ፖሌ ሳና!» አሉ፤ በጣም ይቅርታ ማለታቸው ነው። ዓሣውን እንዳለ አንስተው ወደ ጓዳ ገቡና ጎመን በዘይትና በቲማቲም ሠርተው ተመለሱ። ጥሩ ጎመን ነበር። እኔም፣ አወይ ብልጠቴ፣ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ማማ የግድግዳ ካላንደርና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደረ ሰው ያለ ፕሮግራም አያድርም። መቼ ይጀምራል? መቼ ያልቃል? ምን ምን አይበላም? እኔ ደግሞ አገሬ ሳለሁ ከሁዳዴ የምጾመው የመጨረሻዋን ሳምንት ብቻ ነበር፤ እሷንም እናቴን ፈርቼ። የሐዋርያትን፣ የፍልሰታን፣ የጽጌን፣ የነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ዘረገፍኩላቸው። «አሁን ያለንበትስ?» ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «የመንገደኛ ጾም» አልኩ። በየትም መጽሐፍ የለም። ክፍት ቀን ካዩ ኦሜናውን መልሰው እንዳያመጡት ስለፈራሁ ባዶ ባገኘሁበት ሁሉ እሱኑ ወተፍኩበት። ስንጨርስ ካላንደሩ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ።

ቅጣቱ ከሻይ ጀመረ። የናይሮቢ ሻይ ወተቱና ቅጠሉ አንድ ላይ ነው የሚፈላው፤ የማማ ሻይ ደግሞ ሽታው ደረጃው ላይ ወርዶ ሰው ይቀበላል። ለእሳቸው ያ፣ ለእኔ ጥቁር። ለእሳቸው እንቁላል፣ ለእኔ ደረቅ ዳቦ። ሰኞ ጎመን፣ ማክሰኞ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ረቡዕ ለለውጥ ያህል ንፍሮ ከጎመን ጋር። የብስኩት መጠቅለያ ጀርባ እያነበቡ ወተት ያለበትን ሁሉ ከመደርደሪያዬ ያወጡልኝ ነበር። እንዲህ ተጠንቅቆ ያስራበኝ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸው ሴቶች ይሰበሰባሉ። ማማ እኔን ጠርተው ሶፋው ጫፍ ላይ ያስቀምጡኛል። አንዷ እስከ ስንት ሰዓት እንደምቆይ ጠየቀችኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስም» አልኩ። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነውና ወዲያው ገባቸው፤ «አይ አይ አይ!» እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማለዳው ሻይና ዳቦም ቀሩብኝ፤ ሴቶቹም ለታመመ ዘመዳቸው፣ ለሥራ ፈት ልጃቸው እንድጸልይ ስም በወረቀት እየጻፉ ይሰጡኝ ጀመር። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ከሱሪዬ ጋር አጥበዋለሁ።

እኔ እኮ በአራት ሰዓት እረፍት ላይ፣ ከሥልጠናው ቦታ ፊት ለፊት ካለው ሥጋ ቤት ጠፍቼ አላውቅም። ፍየሉን በፍም ጠብሰው ጣውላ ላይ ይከትፉታል፤ ጨው በእጅህ ነው። አብሮኝ የሚሠለጥን የጎንደር ልጅ ነበር። አጥንት ስግጥ እያየኝ «ስማ፣ ሥጋ ቤት ገብቶ የመነነ ሰው ካንተ በፊት አልሰማሁም» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከንፈሬን አድርቄ፣ ትከሻዬን ጣል አድርጌ ወደ ጎመኔ እመለሳለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መከበሩ ደስ ይለኝ ነበር። አገሬ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ ከሞምባሳ ተደወለ። የማማ ልጅ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል፤ አሁንም ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሣ አዟታል። ማማ ሞባይላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እንደ አንተ ልጾምላት ነው» አሉኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ያንተን እግዜር ይሰማል፤ አብሬህ ከቆምኩ የእኔንም ይሰማ ይሆናል።»

ማማ ስኳር አለባቸው። ክኒናቸው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ በየማለዳው ሲውጡ አያለሁ። «እኛ ዘንድ የታመመ ሰው አይጾምም» አልኩ። «ያለ ድካም የሚሰጥ ነገር ስጦታ አይደለም» አሉና ዘጉት። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። ማታ ስመለስ ፊታቸው ገርጥቶ ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ እያየሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎመኔን በላሁ። ሰው ሊሞትብኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ቅድስናዬም አሳሳኝ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ራሴን እጠየፈዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጮማው ከጣቴ ሳይለቅ ወደ ቤት ስገባ ማማ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ፣ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ላብ በላብ ሆነዋል። ምላሳቸው ተያይዟል። ክኒኑን ውጠው እህል ሳይቀምሱ ለሴቶቹ መስተንግዶ ሳምቡሳ ሲጠብሱ ነው የወደቁት። ስኳር በውሃ በጥብጬ አፋቸው ላይ አደረግኩ። ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ሁለት ሰዓት ነው የቀረኝ» አሉ።

«ማማ፣ ጾም የለም! እኔ ጾሜ አላውቅም! ዋሽቼዎታለሁ!»

ፈገግ አሉ። በዚያ ላብ መሐል ፈገግ አሉብኝ። «ጥሩ ልጅ ነህ» አሉ፤ «እንድጠጣልህ ብለህ ነው የምትዋሸው።»

አምስት ወር ሙሉ ያመኑኝ ሴትዮ እውነቱን ስናገር እምቢ አሉኝ። ትሪው ላይ ከሥጋ የተሠራው ሳምቡሳ ተደርድሯል። አንዱን አንስቼ ጎረስኩ። ትኩስ ነበር፣ አፌን ላጠኝ። ሁለተኛውን ጨመርኩ። ሦስተኛውን። ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ዘይቱ በአገጬ እየወረደ አኘክሁ። «በየቀኑ ነው» አልኩ፤ «በየቀኑ ሥጋ እበላለሁ፣ ማማ።»

አገጬን አዩ፤ ትሪውን አዩ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ጥቂት ቆይቶ ዓይናቸው ጠራ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ዳኑልኝ ብዬ ነው።

«ለልጄስ?» አሉኝ። «ምግቡን ተወው። ትጸልይላት ነበር?»

ነበር ብል ያምኑኝ ነበር።

«አይ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ የወደቀ ተማሪ ውጤት የሚያዩ ይመስል ነበር። ክንዴን ይዘው ተነሡና የራስ ሻሻቸውን ቋጠሮ አጠበቁ። «እንግዲህ ብቻዬን እጸልይላታለሁ» አሉ። «አንተ ዕቃውን እጠብ።»

አጠብኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ ሥጋውም እኩል ይቀርብልኝ ነበር፤ ካላንደሩ ከግድግዳው ወረደ፤ ሴቶቹም ስም የተጻፈበት ወረቀት አልሰጡኝም። ማማ ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም። እስክሄድ ድረስ በየቀኑ አጠብኩ። ልጃቸው ወንድ ልጅ በሰላም መገላገሏንም የነገሩኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት ስፈገፍግ ነው። እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው፣ እጄ አረፋ እንደሆነ ዞር ስል፣ ለጎረቤት ሊነግሩ ወጥተው ነበር።